ውሻዬን ያስጾምኩበት ሁዳዴ

ይህን ነገር ከነሙሉው ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ግማሹን ነግሬያቸው ነበር፤ «ለውሻ ብለህ ነው እንዲህ የምትጨነቀው?» ብለው በመስቀላቸው ነካ አድርገው አሰናበቱኝ። የነገርኳቸው ግማሹን ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ዛሬ እንዳለ ልጽፈው ነው፤ የሰዎቹን ስም ትቼ፣ የውሻውንም ትቼ። የእሱን ስም ለመጻፍ ስነሣ እጄ እንቢ ይለኛል።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ኮተቤ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሥራዬ መቀመጥ ሆኖ ነበር። ተቀምጬ ዜና እሰማለሁ፣ ተቀምጬ ዜናውን እሳደባለሁ። ሐኪሙ ስኳሬን ለክቶ «መምህር፣ በእግርዎ ይሂዱ» ሲለኝ «ወዴት?» አልኩት። ነገረኛ ነኝ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሰሚት ተከራይታ የምትኖር፣ ባንክ ቤት የምትሠራ። መላውን ያገኘችው እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ ምሳ ልጋብዝህ ብላ ከቤት አስወጥታኝ፣ ከመንገድ የተነሡ ውሾች የሚጠለሉበት ግቢ ይዛኝ ገባች።

«አባዬ፣ አንዱን ምረጥ» አለችኝ።

«በግ ተራ ነው እንዴ?»

«ብቻህን አትሄድም፣ ከሰው ጋር ትጣላለህ። ከውሻ ጋር ሞክረው።»

ሁሉም ይጮሃሉ፤ አንዱ ብቻ ዝም ብሎ ያየኛል። ቡናማ ነው፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ መኪና ገጭቶት የኋላ እግሩን ትንሽ ጎተት የሚያደርግ። «ይኼኛው ምን ሆኖ ነው የማይጮኸው?» ብዬ ጠየቅሁ። የመጠለያዋ ሴትዮ «እሱ ሰውን መጀመሪያ አጥንቶ ነው» አለችኝ። ወደድኩት። ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠችኝና ፈረምኩ። ምን ይበላል፣ ምን አይበላም፣ መቼ ይከተባል፣ ሁሉም እዚያ ላይ ተጽፏል። መመሪያውን ሳያነብ ፈተና የሚጀምር ተማሪን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስቆጣ የኖርኩ ሰው፣ መነጽሬን ከኪሴ ማውጣት ታክቶኝ ሳላነብ ፈረምኩ።

የመጀመሪያው ወር ጉድ ነበር። በእኛ ሰፈር ውሻ በር ይጠብቃል እንጂ በገመድ ተይዞ ሽርሽር አይወጣም። ልጆቹ «መምህር ፈረንጅ ሆኑ!» እያሉ ይከተሉኛል፤ ግቢ የምንጋራቸው አሮጊት ደግሞ በሩ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው «አሁን ማን ማንን ነው የሚያንሸራሽረው?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ከኮተቤ ጀርባ ያለውን ዳገት ስንጀምር እሱ በሦስት እግር ተኩል ቀድሞኝ ይወጣል፤ እኔ አፌን ከፍቼ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ተመልሶ ይመጣና አጠገቤ ቁጭ ይላል። ትንፋሼ ሲመለስ እንደገና ይነሣል። በሦስተኛው ወር ባሕር ዛፉን አልፈን ከእንጦጦ ጫፍ ላይ ከተማዋን ቁልቁል አየናት። ስኳሬም ወረደ። ሐኪሙ ራሱን አመሰገነ።

ቅዳሜያችን እንዲህ ሆነ። ውርጩ ሳይለቅ እንወጣለን። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች መጀመሪያ ይፈሩት ነበር፤ በኋላ ግን ሲያዩት ሸክማቸውን ግንድ ላይ አስደግፈው «ያ አንካሳ መጣ» እያሉ ይስቁ ጀመር። የጅብ ዱካ ካገኘ ጸጉሩ ቀጥ ይላል፤ እኔም ገመዱን አሳጥሬ ሌላ መንገድ እይዛለሁ። ከሁሉም የማልረሳው ግን የነሐሴውን ቅዳሜ ነው። ጉም መጣና መንገዱንም ዛፉንም ዋጠው። ቤቴ በዚህ በኩል ነው ብዬ ቁልቁል ስጀምር ቁጭ አለ። ጎተትኩት፤ አልነሣም አለ። ሰደብኩት። ገመዱን ጠምዝዤ ስስበው አራት እግሩን ተክሎ መሬቱን ቧጨረው። ተናድጄ ወደፊት አንድ እርምጃ ስራመድ ከእግሬ ሥር ድንጋይ ተፈንቅሎ ሄደ፤ የወደቀበት ድምፅ እስኪሰማኝ ድረስ ቆየ። ገደል አፋፍ ላይ ነበርኩ። ጭቃው ላይ ተቀምጬ አንገቱን አቀፍኩት። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝምና ልንገራችሁ።

የሚበላው ችግር አልነበረውም። ሰፈራችን ያለው ልኳንዳ ሳንባና አጥንት ያስቀምጥልኛል፤ ከሩዝ ጋር ቀቅዬ እሰጠዋለሁ። የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ። ልኳንዳው ቤቱን ዘግቶ አገሩ ገባ። የሙስሊም ልኳንዳ ፍለጋ ሾላ ገበያ ሄድኩና ሳንባ ገዝቼ በጥቁር ፌስታል አንጠልጥዬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ትከሻዬን ሰው ነካኝ። ዞር ስል የማኅበራችን አንጋፋ፣ በወር በወሩ ጽዋ የምንጠጣ የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ናቸው።

«መምህር፣ ጾሙን እንዴት ይዘኸዋል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምን ገዛዛህ?»

የፌስታሉ ጥግ ቀይ ነገር ማንጠባጠብ ጀምሯል። ሁለታችንም አየነው።

«ቀይ ሥር» አልኩ።

ለውሻዬ ነው ብል ምን ነበረበት? ትሉኝ ይሆናል። በእኛ ሰፈር በጾም ሥጋ ተይዞ የተገኘ ሰው ሁሉ «ለውሻዬ ነው» ነው የሚለው። ውሻ የሌለውም እንደዚያው ይላል። እኔ ራሴ ስንቱን ስቄበታለሁ። ደግሞ በዚያ ዓመት የማኅበሩ ሙሴ እኔ ነበርኩ፤ አለቃ ማለት ነው። የቀረ ሰው የምገሥጽ፣ ጸሎት ሲጀመር ወሬኛውን በዓይኔ ዝም የማሰኝ እኔ ነኝ። ሙሴው ሾላ ላይ ሥጋ አንጠልጥሎ ታየ ሲባል ታየኝ። ሽማግሌው «ቀይ ሥር ለደም ጥሩ ነው» አሉና ተሰናበቱኝ። ሾላ ሁለተኛ አልሄድኩም።

ሃምሳ አምስት ቀን ነው፣ እኔ የቻልኩትን እሱስ ምን ይሆናል አልኩ። ሽሮዬን በእንጀራ ፈትፍቼ አቀረብኩለት። የራሴን ሽሮ የምሠራው ራሴ ነኝ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ላይ አልሰስትም። አሸተተው፣ አየኝ፣ እንደገና አሸተተው። ማታ ላይ በላው። በማግስቱ ምስር ሰጠሁት፣ በላ። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ላሰው።

በዚያ ወር ጽዋው አሮጊቷ ቤት ነበር። ሰው በጾም ስለሚያጭበረብሩ ሰዎች እያማ ሲስቅ፣ አፌን በላኝና «የእኔ ውሻ እንኳ ሽሮ በልቶ ይጾማል» አልኩ። ለጨዋታ ነው ያልኩት። አሮጊቷ «እውነቱን ነው፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። ሽማግሌው ብርሌያቸውን አስቀምጠው «እንስሳው የጾመበት ቤት! እኛ ነን እንግዲህ የምናፍረው» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። በሁዳዴ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰው «ጾመኛው እንዴት ነው?» ይለኛል። አሮጊቷ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ሽሮ ሲበላ ያሳያሉ፤ «አያችሁ? እናንተ ወተት ካልጠጣን ትላላችሁ» ይሏቸዋል። እኔም ቆሜ አስጎበኛለሁ። ልጄ ስልክ እየደወለች «አባዬ፣ ምን በላ?» ስትለኝ «ሳንባ» እላታለሁ። በየሳምንቱ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

እየከሳ ነበር። አይቼዋለሁ። ዳገቱ ላይ ቀድሞኝ መውጣቱን ተወና ከኋላዬ መጣ፤ ቀጥሎ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የምጠብቀው ሆንኩ። «አረጀህ እንዴ?» እለዋለሁ። የዓይኑ ነጭ ቢጫ እየሆነ ሲመጣ ፀሐይ ነው አልኩ። ሰው ማየት ያልፈለገውን ነገር ስንት ስም እንደሚያወጣለት ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ከደብረ ዘይት በኋላ ባለው ቅዳሜ ባሕር ዛፉን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ተኛ። ጠራሁት፤ ጅራቱን ብቻ አንዴ አነቃነቀ። ቀና ሳደርገው ከሥሩ ሽንት ሄደ፤ ቀለሙ የቆየ ሻይ ይመስላል። ከንፈሩን ገለጥ ሳደርግ ድዱ ነጭ ሆኗል። ለመሸከም ሞከርኩ፤ ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄድኩም። ጮህኩ።

እዚያው ተራራ ላይ የሚያርስ ሰው ፈረሱን እየነዳ መጣ። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስቴ ሰላምታ ተለዋውጠናል፤ በኦሮምኛ ደህንነቱን ስጠይቀው አነጋገሬ እያሳቀው በአማርኛ ይመልስልኛል። ጎንበስ ብሎ ውሻውን አየው።

«ምን በላ?»

«ሽሮ።»

«ስንት ቀን?»

«ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ውሻ ነው ወይስ መነኩሴ?» አለኝ። አልሳቀም። ጆንያውን ዘርግቶ ፈረሱ ላይ ጫነልኝና እስከ አስፋልቱ ድረስ አንገቱን ደግፎ አወረደልኝ። ልብ በሉልኝ፤ ለእሱ እውነቱን ለመናገር ምንም አልተቸገርኩም። ጽዋ አብረን አንጠጣም።

አስፋልቱ ላይ ታክሲዎቹ ሁሉ አይተውን አለፉ። በመጨረሻ አሸዋ አራግፎ የሚመለስ ፒክአፕ ከኋላ ጫነን። ለልጄ ደውዬላት ስለነበር የእንስሳት ክሊኒኩ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ተቀብላኝ አብራኝ አስገባችው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ድዱን አየ፣ ሆዱን ዳሰሰ፣ ደም ቀዳ።

«ምንድን ነው የሚመገበው?» አለኝ።

ልጄ አጠገቤ ቆማለች፣ እጇ ውሻው ራስ ላይ ነው። «ሳንባ፣ አጥንት፣ ሩዝ» አልኩ።

«ሽንኩርት ያለበት ምግብስ? ወጥ ነገር?»

«ኸረ በፍጹም።»

«አባዬ በደንብ ነው የሚይዘው» አለች ልጄ። «በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ።»

ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። ግን መሬት አልተሰነጠቀም፤ እኔም አፌን አልከፈትኩም። ሐኪሙ እንግዲያው መዥገር ያመጣው የደም በሽታ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ለዚያ የሚሆን መርፌ ወጋው፣ ክኒን ሰጠን፣ ሰኞ መልሱት አለ። ጥያቄውን ሲጠይቀኝ መልሱን እንደማውቅ ያወቅሁት እዚያው ነው፤ መጠለያው ውስጥ ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት ላይ ሽንኩርት የሚል ደማቅ ቃል ዓይኔን ያለፈው መሰለኝ። ቤት ገብቼ መነጽሬን አድርጌ ፈለግሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በጥቁሩ ተደምቆ ተጽፏል፤ ሽንኩርት በማንኛውም መልኩ የውሻን ደም ያበላሻል ይላል። ወረቀቱን አጥፌ መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት። ልጄ ሳሎን ከውሻው ጋር ፍራሽ አንጥፋ ተኝታለች። ሄጄ ልነግራት የበሩን እጀታ ያዝኩ። «ነገ» አልኩና ተውኩት።

እሑድ ቀኑን ሙሉ አልተነሣም። ክኒኑን በማር ለውሳ ታጎርሰዋለች፤ ይተፋዋል። «አባዬ፣ እየባሰበት ነው፣ ለምን?» ትለኛለች። እኔ ምን ልበል? «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ። የእግዚአብሔርን ስም ለዚህ ጠራሁት።

እኔ ያልነገርኳትን አሮጊቷ ነገሯት። ሰኞ ጠዋት ሊጠይቁ ገቡና ፍራሹ አጠገብ ቆመው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምስኪን ጾመኛ። ሽሮውን እኮ ሙልጭ አድርጎ ነበር የሚበላው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጉድ ብሎለታል» አሏት። ልጄ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። አሮጊቷ እስኪወጡ ድረስ ጠበቀች።

«እውነት ነው?»

«አልፎ አልፎ ነው» አልኳት። እዚያም ላይ ሆኜ።

አልጮኸችም። ብትጮህልኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ስልኳን አንሥታ ሐኪሙን አገኘችውና አንድ በአንድ ነገረችው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽንኩርት፣ አምስት ሳምንት። እሱ ሲናገር ድምፁ ይሰማኛል፤ «ቅዳሜ ይህን ብታውቁ ኖሮ» ሲል ሰማሁት። በብርድ ልብስ ጠቅልላ አቅፋው ወጣች። በሩን ልከፍትላት ስነሣ «ተቀመጥ አባዬ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

ዘጠኝ ቀን ክሊኒክ ተኛ። ተረፈ። ከዚያም ወደ እኔ አላመጣችውም፤ ሰሚት ወሰደችው። ከመጠለያዋ ሴትዮ ጋርም ተነጋግረው ውሉን በስሟ አዞረችው። እኔ መቃወሚያ አልነበረኝም። ገመዱንና ሳህኑን ልትወስድ መጥታ ሳህኑን አገላብጣ አየችውና «ሌላ እገዛለታለሁ» ብላ ትታው ሄደች።

ፋሲካ አለፈ። የግንቦቱ ጽዋ ሽማግሌው ቤት ነበር፤ በግ ታርዷል። በልተን ስንጨርስ ሽማግሌው ከትሪው ላይ አጥንቱን መርጠው በፌስታል ያስሩ ጀመር። «ይኼ ለጾመኛህ ነው፤ ከእኛ ጋር ጾሞ ከእኛ ጋር ይፍታ» አሉኝ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሳቀ። ፌስታሉን ዘርግተውልኝ ይጠብቃሉ።

ልጄ ወሰደችው ብል ለምን ሊሉ ነው። ለምን ካሉ ሽሮው ይመጣል፣ ሾላ ይመጣል፣ ቀይ ሥሩ ይመጣል። ከሃያ የሚበልጥ ሰው እያየኝ ነው።

«ሞተ» አልኩ።

አሮጊቷ ደረታቸውን መቱ። «ልጂቱ ጠቅልላ ስታወጣው እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ መምህሩን እንዳላስጨንቀው ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉ።

«መቼ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«በጾሙ።»

«ሳይፈታ?»

«ሳይፈታ።»

ሽማግሌው ፌስታሉን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ታድሎ» አሉ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዲት ሴትዮ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። የውሻውን ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥተው ለአዲስ ገቢዎቹ ያወሩላቸው ጀመር። እኔ ሙሴው አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፤ ያዘንኩ መሰላቸው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ዳገቱን ብቻዬን እወጣለሁ፤ እንጨት ተሸካሚዎቹ «ያ አንካሳስ?» ብለው ሲጠይቁኝ እጄን ወደ ሰማይ አደርጋለሁ። ገበሬውን ከሩቅ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ።

ከወር በፊት ልጄ ደወለች። ድምፅዋ እንደ ድሮው ሆኗል።

«አባዬ፣ ሐኪሙ ዳገት መውጣት ይችላል ብሎናል። እኔም ተቀይሜህ አልቀርም፤ አባቴ ነህ። ቅዳሜ ላምጣልህና አብራችሁ ውጡ። በሩ ላይ ስሙን ስትጠራው ምን እንደሚሆን ማየት ነው የምፈልገው።»

ከኋላዋ እሱ ይሰማኛል፤ ጥፍሩ ወለሉ ላይ ቋ ቋ እያለ ይመላለሳል። እኔ የታየኝ በሩ ነው። አሮጊቷ ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጆቹ መንገዱ ላይ ናቸው፤ ሽማግሌው ከቅዳሴ ይመለሳሉ፤ እሱ ደግሞ በዚያ መሃል በሦስት እግር ተኩል ወደ እኔ እየሮጠ ይመጣል።

«ጉልበቴን አሞኛል» አልኳት።

«ውይ አባዬ። እሺ፣ ሲሻልህ ንገረኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ እየደወለች ተሽሎኝ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። አልተሻለኝም እላታለሁ።